የአርባ አንድ ቁጥር ብርድ ልብስ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ኮብላይ ወታደር በገዛ እግሩ ወደ ጦር ሰፈሩ በር መጣ።

አልሮጠም፤ አልተደበቀም። ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ጫማውን በመሐረብ ጠርጎ፣ አንገትጌውን አስተካክሎ መጣ። በእጁ አንዲት ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ይዟል። ለበር ጠባቂው ሰላምታ ሰጠ።

"ከፈቃድ ተመልሻለሁ። ልግባ?"

ጠባቂው ስሙን ጠየቀው። ነገረው። ጠባቂው ጎጆው ውስጥ የተለጠፈውን ዝርዝር አየ። ሰውየውን አየ። ዝርዝሩን እንደገና አየ። ከዚያ ጠመንጃውን አዞረበት።

"እጅህን ወደ ላይ!"

"ቦርሳዬን መሬት ላስቀምጣት?" አለ ወታደሩ።

ይህን ሰው በካምፑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። "ይፈቀድልኝ" ነው የሚሉት። ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ይፈቀድልኝ ይላል። ከሰልፍ ወጥቶ አፍንጫውን ሊጠርግ ሲል ይፈቀድልኝ ይላል። ሲያስነጥሰው እንኳ ሳያስፈቅድ አያስነጥስም እያሉ ይስቁበታል። አሁን ያለ ፈቃድ ጠፍቷል ተብሎ እጁ በካቴና ታሰረ።

ነገሩ ለምርመራ የደረሰው ለሃምሳ አለቃው ነው። ሃምሳ አለቃው ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል። ወሬ አይወድም። ሰው ሲያናግር ከፊቱ ይልቅ እጁን ያያል። ትምህርቱ እምብዛም ስለሆነ ክሱን በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበው። ሁለት መስመር ነው። ተከሳሹ ያለ ፈቃድ ከሰፈሩ ወጥቶ አሥራ አራት ቀን ቀርቷል። ሲሄድም የመንግሥት ንብረት የሆነ አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ጠፍቷል።

ሕጉን ማንበብ አላስፈለገውም፤ በቃሉ ያውቀዋል። ያለ ፈቃድ ቀርቶ ሰባት ቀን ሳይሞላው የተመለሰ ወታደር፣ የሰፈሩ አዛዥ በሠላሳ ቀን እስር ይቀጣዋል። ሰባት ቀን ያለፈው ግን ከድቷል ይባላል። ስሙ ወደ በላይ ይተላለፋል፤ አንዴ ከተላለፈ አዛዡም ሊመልሰው አይችልም። የጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቅጣቱ ከአምስት ዓመት አያንስም። ንብረት ይዞ ከሆነ ደግሞ ይጨመርበታል።

"ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የመጣው" አለ ሻምበሉ። "ዓርብ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ያንተ ምርመራ ለደንቡ ያህል ነው። ሁለት ገጽ ይበቃል።"

"እሺ ጌታዬ" አለ ሃምሳ አለቃው።

የእስር ክፍሉ በፍርግርግ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ትንሽ መስኮት አለው። ይፈቀድልኝ ሃምሳ አለቃው ሲገባ ተነሳ፤ ተቀመጥ እስኪባል አልተቀመጠም።

"የት ነበርክ?"

"እናቴ ጋ፣ ሆስፒታል። ዓይኗን ኦፕራሲዮን ሆና።"

"ማን ፈቀደልህ?"

"ሻምበሉ። አሥራ አራት ቀን። ወረቀት ነበረኝ።"

"የታለ?"

"በሩ ላይ ሰጠሁ። ሁሉም በሩ ላይ አይደል የሚሰጠው?"

እውነቱን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሻምበሉ በየቀኑ ጠዋት ሰባት የፈቃድ ወረቀት ይፈርማል፤ ከሰባት አያልፍም። ስሙን ማየት ትቷል፤ ብቻ ይፈርማል። የተፈቀደለት ሰው ወረቀቱን ለበር ጠባቂው አስረክቦ ይወጣል። ማታ ጠባቂው ወረቀቶቹን ቆጥሮ ለጸሐፊው ይመልሳል። ጸሐፊው ስሞቹን ወደ ፈቃድ መዝገብ ይገለብጣል። ወረቀቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቃጠላሉ። መዝገቡ ላይ ያለ በፈቃድ ሄዷል፤ መዝገቡ ላይ የሌለ ጠፍቷል።

"መዝገቡ ላይ ስምህ የለም።"

ይፈቀድልኝ አንገትጌውን አስተካከለ።

"በደንብ ቢያዩት ይኖራል" አለ።

"በደንብ አይተውታል።"

"ሃምሳ አለቃ፣ የእናቴ ፋሻ የሚፈታው ቅዳሜ ነው። አራት ቀን ጨምሬ ብቀመጥ ኖሮ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነበር። ፈቃዴ አለቀ ብዬ ጥያት መጣሁ። የሚከዳ ሰው እንዲህ ያደርጋል?"

ሃምሳ አለቃው እጆቹን አየ። ሰውየው ሲናገር እጆቹ ጉልበቱ ላይ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ደህና ምልክት ነው። ፍርድ ቤት ግን እጅ አይቶ አይፈታም።

ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል። ጸሐፊው ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የመነጽሩ አንድ እጀታ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ማንበብ የማይችሉ ወታደሮች የቤት ደብዳቤያቸውን ለእሱ ነው የሚያመጡት። ክፉ ዜና የመጣ እንደሆነ ለብቻቸው ጠርቶ፣ አስቀምጦ፣ ውሃ ሰጥቶ ነው የሚነግራቸው። ወታደሩ ሁሉ "ጋሼ" ይለዋል። ከሃምሳ አለቃው ጋር በአንድ ዓመት ነው የተቀጠሩት።

"መዝገቡን ፈልጌ ነው" አለ ሃምሳ አለቃው።

ጸሐፊው መዝገቡን ገና ሳይጠየቅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበር።

ይፈቀድልኝ ወጣሁ ያለበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ገጽ ነው። ሰባት ስም፣ ከጎናቸው ሰባት የአልጋ ቁጥር። እንደ ታተመ የሚያምር ጽሑፍ። ከሥሩ ከበላይ የመጣው ተቆጣጣሪ ማኅተሙን አድርጎበታል። ከሰባቱ ስሞች የመጨረሻው ቀለሙ ወፈር ብሏል፤ ብዕሩን ተጭኖ የጻፈው ይመስላል። ሃምሳ አለቃው ጣቱን አሳረፈበት።

"ስንት ይፈርዱበት ይሆን?" አለ ጸሐፊው።

"ሕጉን በየወሩ የምትገለብጠው አንተ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?"

"አምስት" አለ ጸሐፊው፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "ብርድ ልብሱ ሲጨመር ሰባት።" ፊቱ ያለው ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዞ ስስ ሽፋን ሠርቷል። "ክፉ ልጅ አልነበረም።"

"አልሞተም እኮ። 'ነበረ' አትበለው።"

ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ንጹሕ ነበር።

ያን ማክሰኞ ተረኛ የነበረው በር ጠባቂ ደብተሩን ገልጦ አሳየ፦ ሰባት ወረቀት።

"ፊቱን ታስታውሰዋለህ?"

"ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ወረቀት ነው የምቀበለው፤ ፊት አልቀበልም።"

"ልውጣ ብሎ የሚያስፈቅድ ሰው አላጋጠመህም?"

"የዚያን ቀን የዳቦ መኪና በሩ መሐል ተበላሽቶ ጉድ ሆኖ ነበር። ልውጣ የማይል አልነበረም።" ጠባቂው ደብተሩን ዘጋ። "ብቻ ሰባት ነበሩ። ሁለቴ ቆጥሬ ለጋሼ በእጃቸው ሰጠኋቸው።"

ሰባት ወረቀት፤ ሰባት ስም። ሒሳቡ ልክ ነው። እንግዲህ ወይ ይፈቀድልኝ ይዋሻል፣ ወይ ከሰባቱ ስሞች አንዱ ውሸት ነው።

የሚዋሸው ይፈቀድልኝ ነው የሚል አንድ ምስክር አለ። የአልጋ ጎረቤቱ ነው፤ አፉ ስለማያርፍ "ራዲዮኑ" ይሉታል። 'አልመለስም ሲል ሰምቼዋለሁ' ብሎ ፈርሟል። ሃምሳ አለቃው መኝታ ቤት ድረስ ሄደበት። ራዲዮኑ መስኮት ሥር ባለ አርባ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ዘሎ ተነሳ።

"ይህ አልጋ የማነው?"

"የይፈቀድልኝ... የእሱ ነበር። ባለቤቱ ከጠፋ በኋላ የመስኮት አልጋ ለምን ይባክናል ብዬ..."

"በስንተኛው ቀን ነው የተዛወርከው?"

"በሦስተኛው። በሁለተኛው። ማለት... ማታውኑ።"

"ያን ማክሰኞ ማታ ጽሕፈት ቤቱን የጠረገው ማነው?"

"እኔ ነኝ። ተቀጥቼ ነው። ግን ወረቀት አልነካሁም! ሞቼ እገኛለሁ እንጂ! ለአልጋ ብዬ ሰው አሳስራለሁ?"

"ለአልጋ ብለህ በሐሰት ፈርመሃል እኮ።"

"ምን ላድርግ?" አለ ራዲዮኑ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ሁሉም 'ራዲዮኑ ያውቃል' አሉ። ተቆጣጣሪውም ወደ እኔ ዞረ። አላውቅም ማለት አስጠላኝ። እሱ ምንም አላለም። ቦርሳውን ይዞ 'ልሂድ?' አለኝ፣ 'ሂድ' አልኩት፣ ሄደ።"

"ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አይተሃል?"

"ጋሼ ነበሩ፤ ማን ያስጠጋኛል! ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ደህና ኖት ስላቸው 'ውጣ' ብለው ጮኹብኝ። ጋሼ ጮኸው ያውቃሉ? እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።"

ሃምሳ አለቃው የምስክርነቱን ወረቀት ፊቱ ቀደደውና ወጣ። ራዲዮኑ ምላስ እንጂ እጅ የለውም። ይህን ነገር የሠራው እጅ ያለው ሰው ነው።

ረቡዕ ጠዋት የይፈቀድልኝ እህት መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ኮቷ ላይ ክር የገባባቸው ሦስት መርፌዎች እንደተሰኩ ነው። በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ስታጨቃጭቃቸው ቆይታ፣ በመጨረሻ ሃምሳ አለቃው አስገባት።

"አባቴ፣ እርስዎ ነዎት መርማሪው?"

"እኔ ነኝ። ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። ትናንት ከሰዓት ሁለት ፖሊስ ሱቄ መጥተው 'ወንድምሽ የት ነው?' አሉኝ። 'ጦር ሰፈሩ ገብቷል' አልኳቸው። ሳቁብኝ። ደንበኛ ፊት፣ የተሰፋውን ያልተሰፋውን ዘረገፉት። አልጋዬ ሥር ሳይቀር አዩ። ያንን የሚያህል ወጠምሻ በጨርቅ ስር ይደበቃል?"

"ሆስፒታል እንደነበር የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ነርሶቹ ሁሉ! ኮሪደር ላይ አሥራ ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ነው ያደረው። እሱን ማንም አይክድም።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አባቴ፣ ወንድሜ ልጅ ሆኖ ዝናብ ሲመጣ ከደጅ ለመግባት 'ልግባ?' ብሎ ይጠይቅ ነበር። እናቴ እየሳቀች ነው ያሳደገችው። እሱ ከዳ ስትሉኝ ዓሣ ዋና ጠላ እንደማለት ነው።"

"ሆስፒታል መሆኑ አይጠቅመውም" አለ ሃምሳ አለቃው። "የት እንደነበረ አይደለም ጥያቄው። በፈቃድ ነው ያለፈቃድ ነው የሚለው ነው።"

"ቅዳሜ ፋሻዋ ሲፈታ ምን እላታለሁ?"

ሃምሳ አለቃው እስከ በሩ ሸኛት። እሷ ከወጣች በኋላ ክሱን እንደገና አወጣ። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ጠፍቷል የሚለው ላይ ጣቱ ቆመ።

የካምፑ ብርድ ልብስ ወፍራም ነው። ሲጠቀለል የሁለት ዓመት ልጅ ያህላል። ያች የጨርቅ ቦርሳ አንድ ሸሚዝና አንድ ሳሙና ነው የምትይዘው። እናቱን ሊያስታምም የሚሄድ ሰው ያንን ተሸክሞ ምን ሊያደርገው?

ወደ እስር ክፍሉ ተመለሰ።

"ብርድ ልብሱን የት ጣልከው?"

"የቱን?"

"ይዘኸው የጠፋኸውን።"

"እኔ?" ይፈቀድልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስፈቅድ ተነሳ። "ብርድ ልብሴ አጣቢዋ ጋ ነው ያለው! ፈቃድ የሚወጣ ሰው ጠዋት ሰጥቶ አይደል የሚሄደው? እጥፋቱን ራሴ ነኝ ያሳመርኩት!"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

ሃምሳ አለቃው ግንባሩን አሸ። ንብረት ክፍል አልጋውን ፈተሸ፤ ብርድ ልብስ አጣ፤ ሰረቀ ብሎ ጻፈ። ሦስት መቶ እርምጃ ሄዶ ማጠቢያ ቤቱን የጠየቀ የለም።

ማጠቢያ ቤቱ ከካምፑ ጀርባ ነው። ሁለት ትልልቅ በርሜል እሳት ላይ ይፈላሉ። ሶዳው ዓይን ያቃጥላል። አጣቢዋ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ በዘንግ ታማስላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሠርታለች፤ አዛዥ ሲመጣና ሲሄድ አይታለች።

"እትዬ፣ አርባ አንድ ቁጥር ብርድ ልብስ አለሽ?"

"አለኝ። ባለቤቱን ግን አሰራችሁት አሉ። እውነት ነው? ምነው እናንተ ሰዎች! ያ ልጅ እኮ መሬት ላይ ሲያስቀምጠው እንኳ 'ላስቀምጠው?' ብሎኝ ነው።"

በዘንጉ ወደ መደርደሪያው አመለከተች። ብርድ ልብሱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ የአልጋው ቁጥር፣ አርባ አንድ፣ ተሰፍቶበታል።

"መቼ ነው የሰጠሽ?"

"ግድግዳውን እይ።"

ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ በኖራ የተቀባ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በከሰል ተጽፎበታል። ፊደል የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። አጣቢዋ ስም መጻፍ አትችልም፤ ቁጥር ግን ልጇ አስተምራታለች። በየቀኑ የገባውን ብርድ ልብስ ቁጥር ትጽፋለች፤ ባለቤቱ ሲወስድ ትሰርዘዋለች። ወሩ ሲያልቅ ኖራ ትቀባዋለች።

ሃምሳ አለቃው የዚያን ማክሰኞ ተርታ አገኘው። ሰባት ቁጥሮች ናቸው። ስድስቱ ተሰርዘዋል። አርባ አንድ አልተሰረዘም።

ከኪሱ ከመዝገቡ የገለበጠውን ወረቀት አወጣ። አንድ በአንድ አስተያየ። ስድስቱ ገጠሙ። ሰባተኛው አልገጠመም። መዝገቡ ስድሳ ሦስት ይላል፤ ግድግዳው አርባ አንድ።

"ስድሳ ሦስትስ?"

"የድምቡሼ? የእሱ አልመጣም።"

"መዝገቡ የዚያን ቀን በፈቃድ ወጥቷል ይላል።"

"መዝገቡ ብርድ ልብስ አያጥብም። እኔ ነኝ የማጥበው። የዚያ ልጅ ብርድ ልብስ በዚህ ወር ውሃ አልነካውም፤ ሽታው እስከዚህ አለመምጣቱም ደግ ነው።" ዘንጉን አዞረች። "እኔ እኮ የሚገርመኝ ጋሼ ዝም ማለታቸው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሸሚዙን ከኔ ተቀብለው የሚወስዱለት እሳቸው ናቸው።"

"የትኛው ጋሼ?"

"ጸሐፊው ናቸዋ! አጎቱ አይደሉም? የሞተች እህታቸው ልጅ ነው፤ እጃቸው ላይ ነው ያደገው። ሰው አዳሉለት እንዳይል ብለው ነው የማያወሩት።" ቀና ብላ አየችው። "አታውቅም እንዴ? ኧረ አንተ መርማሪ ነህ!"

ሃምሳ አለቃው አንድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

ጸሐፊው ቤቱ ከተማ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የካምፕ ብርድ ልብስ ለብሶ አያውቅም። ሰው ከካምፑ ሲወጣ ወረቀት እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ከወረቀቱ በፊት ብርድ ልብስ እንደሚያስረክብ የሚነግረው ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ አልፎ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሻምበሉ ሳቀበት።

"ፍርድ ቤት ከሰል ይዤ ልቅረብ ነው የምትለኝ? በአንድ በኩል የታተመበት መዝገብ፣ በሌላ በኩል የአጣቢ ግድግዳ?"

"እስከ ማታ ይስጡኝ።"

"እስከ ስድስት ሰዓት።"

ድምቡሼ ጉንጩ የሞላ፣ ገና ጢም በደንብ ያላበቀለ ወታደር ነው። ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ። እጆቹ ከጠረጴዛው ሥር ተደበቁ።

"እጅህን ላይ አድርግ" አለ ሃምሳ አለቃው።

አደረገ። ጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይቧጭራሉ።

"ያን ማክሰኞ የት ሄድክ?"

"ቤቴ። በፈቃድ።"

"መቼ ተመለስክ?"

"ቅዳሜ።"

"በየት በኩል ወጣህ?"

"በበሩ።"

"በሩ ላይ ምን ነበር የተበላሸው?"

"አላስተዋልኩም።"

"እሺ። ብርድ ልብስህን ለማን አስረከብክ?"

"ለ... ለንብረት ክፍል።"

"ፈቃድ ወጥተህ ታውቃለህ?"

ድምቡሼ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ትከሻው ተነቃነቀ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ጸሐፊውን ማንም አልጠራውም፤ ግን ልጁ መወሰዱን ሰምቶ ነው። ጸሐፊው መነጽሩን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"ልቀቀው" አለ። "እሱ አያውቅም። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አጎቴ!" አለ ድምቡሼ።

"ዝም በል አንተ።" ጸሐፊው ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ። "የስድስት ወር ልጁ ታማበት ነበር። ትንፋሽ አጥሯት። ጠዋት መጥቶ ፈቃድ ለመነኝ። ሰባቱ ሞልቷል፣ ነገ ና አልኩት። የእህቴን ልጅ! ነገ ና አልኩት። ቀትር ላይ በአጥሩ ዘሎ ሄደ። ለጓደኛው ምን ብሎ እንደሄደ ታውቃለህ? 'ለአጎቴ ንገረው፣ እንግዲህ አልመለስም' ብሎ።"

"ተናድጄ ነው" አለ ድምቡሼ፣ ፊቱን ሳያነሳ።

"ማታ ወረቀቶቹ መጡ። ስድስቱን ጽፌ ጨረስኩ። ሰባተኛውን በእጄ ያዝኩት፤ በእሱ ፈንታ የእህቴን ልጅ ስም ጻፍኩ።" ጸሐፊው እጁን አየ። "ለአራት፣ ለአምስት ቀን ነበር ያሰብኩት። ልጄ ከተመለሰ፣ የሌላውን ስም አንድ ቦታ አስገባለሁ፤ የሚጎዳ የለም ብዬ። ያኛው አሥራ አራት ቀን አለው፣ ሳይመለስ አስተካክላለሁ ብዬ። ድምቡሼ ቅዳሜ መጣ። ሰኞ ላስተካክል ስገባ ተቆጣጣሪው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ገጹን ሁሉ አተመ። በማግስቱ ዝርዝሩ ሄደ።"

"በዚያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም?"

"ስናገር ልጁ ከዳተኛ ይሆናል።"

ሃምሳ አለቃው ቀኖቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ማክሰኞ ወጥቶ ቅዳሜ ተመለሰ" አለ። "አራት ቀን። በገዛ እግሩ። ቅጣቱ ምንድን ነው?"

ይህን አንቀጽ በየወሩ በጽሕፈት መኪናው እየመታ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ጸሐፊው ራሱ ነው።

"ሠላሳ ቀን" አለ።

"ሠላሳ ቀን" አለ ሃምሳ አለቃው።

"አልመለስም አለ እኮ። እኔ አመንኩት። የሚያውቅ ሰው ሕጉን ያስባል፤ እኔ የዚያን ማታ ልጁን ብቻ ነበር የማስበው።"

ሃምሳ አለቃው ወረቀት አወጣ። ብዕሩን ያዘ። የመጀመሪያውን መስመር ሲጭር ጸሐፊው ትንሽ አየውና እጁን ዘረጋ።

"ስጠኝ ወንድሜ። ያንተን ጽሑፍ ዳኛው ሊያነበው አይችልም። እኔው ልጻፈው።"

ቃሉን ራሱ ጻፈ። ሁለት ገጽ ሞላ። ቀጥ ያለ፣ እንደ ታተመ የሚያምር ጽሑፍ። ምንም አላስቀረም። ፈርሞ ብዕሩን ዘጋና መልሶ ሰጠው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

ዓርብ ፍርድ ቤቱ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ይፈቀድልኝ ነፃ ተባለ። ስሙ ከከዳተኞች ዝርዝር እንዲወጣ፣ ብርድ ልብሱ ከክሱ እንዲሰረዝ ተጻፈ። ድምቡሼን የሰፈሩ አዛዥ በሠላሳ ቀን እስር ቀጣው። ጸሐፊው የመንግሥት መዝገብ በሐሰት በመጻፍ ተከሶ የፍርድ ቀጠሮ ተሰጠው፤ አራት ዓመት ይሆናል የሚል ወሬ አለ። ሻምበሉ ከዚያን ቀን ወዲህ ሳያነብ አይፈርምም፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፉ ረዝሟል።

ይፈቀድልኝ የሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጠው። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። አውቶቡሱ ሊነሳ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይፈቀድልኝና ጸሐፊውን ልየው" አለ።

"ምን ልትለው?"

"አላውቅም።"

ሃምሳ አለቃው ይዞት ሄደ። ያው ክፍል ነው፤ ያው አግዳሚ ወንበር። ጸሐፊው ሲያያቸው ተነሳ። ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው ፍርግርግ መሐላቸው ነው።

ይፈቀድልኝ ብዙ አሰበ።

"ምን አድርጌዎት ነው?" አለ በመጨረሻ። "አስቀይሜዎት አውቃለሁ?"

"የለም።"

"ታዲያ ለምን እኔን?"

"ስድስቱ ተጽፈው ነበር" አለ ጸሐፊው። "ሰባተኛው ወረቀት ያንተ ሆነ። ሌላ ምክንያት የለውም ልጄ። ምክንያት ብሰጥህ በወደድኩ።"

ይፈቀድልኝ ፍርግርጉን በሁለት እጁ ያዘ። ሃምሳ አለቃው እጆቹን አየ። ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጠዋል።

"እህቴን ደንበኛ ፊት አዋረዷት" አለ። "እናቴ እስካሁን አልሰማችም። ብትሰማ ኖሮ በዚያ ፋሻ ውስጥ ታለቅስ ነበር። ሐኪሙ እንዳታለቅስ ብሏታል።"

ጸሐፊው ራሱን ደፋ።

ይፈቀድልኝ ፍርግርጉን ለቀቀ። ሊሄድ ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ወደ ኋላው ሳያይ፣ በግድ ከአፉ እንደወጣ ነገር፣

"ሕፃኗስ?" አለ።

"ዳነች" አለ ጸሐፊው። "ጡት መጥባት ጀምራለች።"

"እሰይ" አለ ይፈቀድልኝ።

እንደዚህ በማለቱም ራሱ የተናደደ ይመስል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ በሩን በርግዶ ወጣ።